ነጩ ነጠላ ለምን ግራጫ ሆነ?

በደብረ ብርሃን ከተማ ለጀማሪ ፎቶግራፍ አንሺዎችና ለሠዓሊዎች የተደረገ ንግግር ጽሑፍ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ በዚህ የታኅሣሥ ብርድ ጋቢና ካፖርት ደርባችሁ፣ ቅዳሜያችሁን ሠውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ ካሜራ በአንገታችሁ አንጠልጥላችኋል፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ብሩሽ እንጂ ካሜራ ይዛችሁ የማታውቁ ሠዓሊዎች ናችሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ለጀማሪ የሚሆነው ዲ.ኤስ.ኤል.አር ካሜራ የትኛው ነው?» የሚል ነበር። ለዚህ ጥያቄ ያለኝ መልስ አጭር ነው፤ ያልተበላሸውን ርካሹን ግዙ። የቀረውን ጊዜ ልናገርበት የምፈልገው ግን ካሜራው ከተገዛ በኋላ የት ቦታ ላይ እንደሚሳሳትና ስሕተቱን እንዴት እንደምናርመው ነው፤ ምክንያቱም እኔ እስከማውቀው ድረስ የዚህ ዓይነቱን፣ ሌንሱ የሚቀየርና በውስጡ መስታወት ያለበትን ካሜራ ከስልክ የሚለየው ትልቁ ነገር ስንቃወመው የሚሰማን መሆኑ ነው።

ሁለት የታተሙ ፎቶግራፎች ይዤ መጥቻለሁ፤ ከፊት ወንበር ጀምሮ እየተቀባበላችሁ እዩአቸው። አንደኛው ምንጃር ሸንኮራ፣ ኢራንቡቲ ላይ በጥምቀት ያነሣሁት ነው። ጊዜው ረፋድ ነው፤ ፀሐዩ ከረር ብሏል፤ ከዳር እስከ ዳር ነጭ የለበሰ ሕዝብ ቆሟል። ልብ ብላችሁ ስታዩት ግን ነጠላው ነጭ አይደለም። አመድ የነካው፣ ሳሙና ያጠረው ይመስላል፤ ከነጠላው ሥር ያሉት ፊቶችም ከመጥቆራቸው የተነሣ ዓይንና ቅንድብ አይለይም። ሁለተኛው መንዝ ውስጥ በቤታቸው ደጃፍ የተቀመጡ አዛውንት ናቸው። የለበሱት በርኖስ በዓይን ሲታይ እንደ ከሰል የጠቆረ ነበር፤ ፎቶግራፉ ላይ ግን ገርጥቶ ግራጫ ሆኗል፤ ከኋላቸው ያለው የድንጋይ ካብም ኖራ የተቀባ ያህል ነጥቷል። አሳትሜ በወሰድኩላቸው ጊዜ አዛውንቱ ከራሳቸው ፊት አስቀድመው ያዩት በርኖሱን ነበር። «ልጄ፣ ይኼማ የእኔ በርኖስ አይደለም፤ የእኔ ገና መች ገረጣ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ሁለቱም የተነሡት በአንድ ካሜራ ነው፤ ካሜራውም ምንም ጉድለት አልነበረበትም። በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለው ነገር ነጠላ ይሁን በርኖስ፣ በረዶ ይሁን ከሰል አያውቅም። የሚያውቀው ወደ ውስጥ የገባውን የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ የሠሩት ሰዎች አንድ ግምት ሰጥተውታል፤ በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ ጥቁሩም ነጩም ሲቀላቀል በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ እንዲያስብ አድርገውታል። ግምቱ መጥፎ አይደለም፤ ሣር፣ መንገድ፣ ጡብና የሰው ፊት በአንድነት ሲገቡ በአብዛኛው ይሠራል። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ፊት ሲቆም ግን ካሜራው «ብርሃኑ በዝቷል» ይልና ይቀንሰዋል፤ ነጩም ግራጫ ይሆናል። ጥቁር በርኖስ ፊት ሲቆም ደግሞ «ብርሃኑ አንሷል» ይልና ይጨምረዋል፤ ጥቁሩም ግራጫ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ አንድ ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ነገር ለሰሚው የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ነጭ ስናነሣ ብርሃን እንጨምራለን፤ ጥቁር ስናነሣ እንቀንሳለን።

በተግባር እንዴት ነው? በካሜራችሁ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ፈልጓት። በካኖንም በኒኮንም የጀማሪ ካሜራዎች ላይ ቁልፏን ተጭኖ ይዞ መዘውሯን ማዞር ነው፤ መዘውሯ በኒኮኑ በአውራ ጣት ዘንድ፣ በካኖኑ ደግሞ ከማንሻው ቁልፍ አጠገብ ናት። ለጥምቀቱ ሕዝብ አንድ ደረጃ ወደ መደመር፣ ለበርኖሱ አንድ ደረጃ ወደ መቀነስ። አንድ ደረጃ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ማለት ነው። አረንጓዴው ሙሉ አውቶማቲክ ላይ እስካላችሁ ድረስ ግን ካኖኑ ይህን አይፈቅድላችሁም፤ ከአረንጓዴው ወጥታችሁ «ፒ» (P) ወደሚለው ምልክት ማዞር አለባችሁ። እኔ ካሜራ ገዝተው ሁለትና ሦስት ዓመት ከአረንጓዴው ያልወጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ በቅሎ ገዝቶ እየጎተቱ በእግር እንደመሄድ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። እኔ ሙያውን የጀመርኩት በፊልም ዘመን፣ ፎቶ ቤት ውስጥ ጉርድ ፎቶ በማንሣት ነው። ያኔ በኔጋቲቭ ስንሠራ ብርሃን ቢበዛ ፊልሙ ይታገሠን ነበር፤ የምንፈራው ማነሱን ነበር። ዲጂታሉ ተቃራኒ ነው፤ ነጩ አንድ ጊዜ ከልክ አልፎ ከተቃጠለ የነጠላው ፈትልም ሆነ ጥለቱ በኋላ በምንም መንገድ አይመለስም። ስለዚህ ስትጨምሩ አንድ አንሥታችሁ ከካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን ላይ ተመልከቱ። ካሜራው የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳይበት ገጽ አለው፤ ነጠላው ላይ ብልጭታው ከበዛ ጥቂት ቀንሱ። ከነጠላውና ከፊቱ አንዱን መምረጥ ግድ ቢሆን እኔ የምመርጠው ፊቱን ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ። ዲ.ኤስ.ኤል.አር የምንለው ካሜራ ከሌንሱ ኋላ በ45 ዲግሪ ያጋደለ መስታወት አለው። በሌንሱ የገባው ብርሃን በዚህ መስታወት ላይ ነጥሮ ወደ ላይ ይወጣና እዚያም ተገልብጦ ተስተካክሎ ዓይናችን ጋ ይደርሳል፤ ስለዚህ የምናየው በኤሌክትሪክ የተሠራ ሥዕል ሳይሆን ራሱ ብርሃኑ ነው። ቁልፉን ስንጫን መስታወቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ሹተሩ፣ ማለትም የብርሃኑ መዝጊያ፣ ይከፈታል፣ ብርሃኑ ምስሉን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ ያርፋል፣ መስታወቱም ይመለሳል፤ የምትሰሙት «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። በዚያች ቅጽበት ዓይናችሁ ይጨልማል። ያነሣችሁትን ቅጽበት እናንተ ራሳችሁ አላያችሁትም ማለት ነው፤ ይህን ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

በርካሾቹ ካሜራዎች ላይ ብርሃኑን ወደ ዓይን የሚያደርሰው አንድ ወጥ ብርጭቆ ሳይሆን የተገጣጠሙ መስታወቶች ናቸው፤ ስለዚህ በማያ ቀዳዳዋ ስናይ ጠበብና ደብዘዝ ይላል። ከፍሬሙም በቁመትና በወርድ 95 በመቶውን ብቻ ነው የሚያሳየን። አጥርታችሁ ከፍሬሙ ያወጣችሁት የመሰላችሁ የመብራት ምሰሶ ፎቶግራፉ ዳር ላይ ተገኝቶ የሚያስደነግጣችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ሠዓሊዎች የሸራቸውን ዳር አጥብቀው ስለሚጠብቁ ይህ ከሁሉ በላይ ያናድዳቸዋል።

ስም እንድጠራ ከጠበቃችሁ ሁለት እጠራለሁ። አንዱ ካኖን 2000ዲ ነው፤ ሌላው ኒኮን ዲ3500 ነው። ሁለቱም በእ.ኤ.አ. 2018 ወጡ፤ ሁለቱም 24 ሚሊዮን የምስል ነጥብ (ፒክስል) ገደማ ይይዛሉ። ይህ 6000 በ4000 ነጥብ ማለት ነው፤ በጥሩ ጥራት ሲታተም ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ለአንድ ሳሎን ግድግዳ በቂ ነው። ካኖኑ በ9 ነጥቦች ያነጣጥራል (ምስሉን ያጠራል፣ ፎከስ ያደርጋል)፣ በሰከንድ 3 ያነሣል፤ ኒኮኑ በ11 ያነጣጥራል፣ በሰከንድ 5 ያነሣል። የኒኮኑ ባትሪ በአንድ ሙሌት 1550 ፎቶግራፍ እንደሚያነሣ ፋብሪካው ይገልጻል፤ የካኖኑ 500 ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ወይም ጨርሶ በሌለበት ወረዳ ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት ከማነጣጠሪያ ነጥቦቹ ብዛት ይበልጣል። ኒኮኑ አንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ፣ ለምሳሌ ፊት ላይ፣ ብርሃን የሚለካበት ስልት አለው፤ ካኖኑ የሚጠበው እስከ ፍሬሙ መሐል አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ቀደም ብዬ ለነገርኳችሁ የነጠላና የፊት ችግር ኒኮኑ በዚህ ይሻላል። በሌላ በኩል ኒኮኑ በውስጡ የማነጣጠሪያ ሞተር ስለሌለው ሞተር በሌላቸው የቀድሞ ሌንሶች በእጅ ማነጣጠር ግድ ይሆናል፤ ይህን ሳያውቁ አሮጌ ሌንስ የገዙ ተማሪዎች ነበሩኝ።

ኒኮን ዲ3500ን ማምረት አቁሟል፤ ሁለቱም ፋብሪካዎች ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች አዙረዋል። «ታዲያ የሚሞት ነገር ለምን እንግዛ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እኔ የምለው፣ ሌሎች አዲሱን ለመግዛት ሲሉ ያወጡት ጥሩ ካሜራ በርካሽ የሚገኘው አሁን ነው፤ ለሠላሳ ዓመት የተሠራ የሌንስ ክምችትም አብሮ ይወጣል። ገንዘብ ያለው መስታወት የሌለውን ይግዛ፤ አልከለክልም።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ «እንደ አዲስ ነው» ተብዬ ሌንስ ገዛሁ። ውጫዊ መልኩ በእርግጥ አዲስ ነበር። ደብረ ብርሃን ደርሼ ወደ መስኮት አንጋጥጬ ስመለከተው በውስጠኛው ብርጭቆ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል ቀጭን ነገር ተዘርግቷል። ሻጋታ ነው። ስመለስ ሻጩ «ሲወጣ አልነበረበትም» አለኝ፤ ሁለታችንም የምናውቀውን ነገር ደግሞ መከራከር ጥቅም ስላልነበረው ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሌንስ ስገዛ ሁለቱንም ክዳኖች አንሥቼ፣ የስልክ መብራት ከአንድ ወገን አብርቼ፣ ከሌላው ወገን አግድም እያየሁ ነው። ካሜራውን ደግሞ ሰማይ ላይ አነጣጥሬ፣ በሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ እስከ ቁጥር 16 ወይም 22 አጥብቤ አንድ አነሣለሁ፤ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ካለ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ለኒኮን ዲ3500 ሹተር ፋብሪካው የሰጠው ግምት 100,000 ጊዜ ነው፤ ኒኮን ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ፋይል ውስጥ ስለሚጽፍ አንድ አንሥቶ ኮምፒዩተር ላይ ማየት ይቻላል። ሻጋታው የሚመጣው ከእርጥበት ነውና፣ ሐምሌና ነሐሴ ጉም ቤት ድረስ በሚገባበት አገራችን ካሜራ በቆዳ ቦርሳ ታፍኖ መክረም የለበትም። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት የሚስቡ ትንንሽ ከረጢቶች አትጣሉ፤ ከሌንሱ ጋር አኑሯቸው።

ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊውን፣ ሲበዛ አቅርቦ ያሳያል። ለመንገድ፣ ለሠርግ ድንኳን፣ ለአንኮበር ገደል ይበቃል። ቤት ውስጥ ግን ያቅተዋል፤ ለምን እንደሚያቅተው አንድ ቤት አስገብቼ ላሳያችሁ። መንዝ ውስጥ፣ መስኮት የሌለው ወይም እጅ የምታህል መስኮት ብቻ ያላት የድንጋይ ቤት ነው። እማማ ከበሩ ውስጥ ሁለት እርምጃ ገባ ብለው ሱፍ ይፈትላሉ። ብርሃኑ በበሩ ገብቶ በግራ ጉንጫቸውና በእንዝርቱ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ቀሪው ጨለማ ነው። እንዲህ ያለ ብርሃን ሠዓሊ ቢጸልይ የማያገኘው ነው። በ55 ሚሊ ሜትር የዚያ ሌንስ ትልቁ ቀዳዳ 5.6 ነው። አይ.ኤስ.ኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ 3200 አድርጌ እንኳ ሹተሩ ወደ አንድ አሥራ አምስተኛ ሰከንድ ወረደ። ሌንሱ የእኔን እጅ መንቀጥቀጥ ሊያረጋጋ ይችል ይሆናል፤ የሚሽከረከረውን እንዝርትና የሚንቀሳቀሱትን ጣቶች ግን አያቆምም፤ እጃቸው ጭስ መሰለ። ሌንሱን አውልቄ 50 ሚሊ ሜትር፣ 1.8 የሚባለውን አደረግሁ። በዚያው አይ.ኤስ.ኦ ሹተሩ ከአንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ሰከንድ በላይ ሆነ፤ ጣቶቹም ቆሙ፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ሱፍ እንኳ ነጠላ ነጠላ ታየ።

ቁጥሩ ለምን ሲያንስ ቀዳዳው እንደሚሰፋ ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። ቁጥሩ አካፋይ ነው። 50ውን ለ1.8 ስናካፍል 28 ሚሊ ሜትር ገደማ እናገኛለን፤ ይህ ማለት ብርሃን የሚገባበት በር ወርዱ 28 ሚሊ ሜትር ነው። 50ውን ለ16 ስናካፍል ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በ1.8ና በ5.6 መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ዐሥር እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። የካኖኑ 50 ሚሊ ሜትር ክብደቱ 160 ግራም ነው፤ ከሌንሶች ሁሉ ርካሹ ከሚባሉትም አንዱ ነው። ቅርብና ሩቅ አያደርግም፤ መቅረብ ከፈለጋችሁ በእግራችሁ ትቀርባላችሁ። ለጀማሪ የምመክረው የመጀመሪያ ወጪ ሌላ ካሜራ ሳይሆን ይህ ሌንስ ነው። ጓሳ ሄዳችሁ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማንሣት የምትመኙ ደግሞ ከካሜራ ጋር ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ከ75 እስከ 300 ያለውን የካኖን ሌንስ ተዉት፤ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚከላከል ነገር የለውም። ከ55 እስከ 250 ያለው ይሻላል።

ስለ አገራችን ብርሃንም ጥቂት ልበል። ከውጭ የሚመጡ የፎቶግራፍ ትምህርቶች ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ስላለው «ወርቃማ ሰዓት» ብዙ ያወራሉ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ የምትወጣውም የምትጠልቀውም ቀጥ ብላ ነው፤ ያ ለስላሳ ብርሃን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በሰሜን አውሮፓ በጋ ላይ የእኛን እጥፍ ያህል ይቆያል። ስለዚህ ቦታ መምረጥ፣ ሌንስ መቀየር፣ ከባለቤቱ ጋር ሰላም መባባል ሁሉ ብርሃኑ ከመምጣቱ በፊት ማለቅ አለበት። ከሦስት ሰዓት በኋላ ያለው የደጋ ፀሐይ ፊትን ግማሹን አቃጥሎ ግማሹን ያጠቁራል። ያኔ ሰውየውን ጥላ ውስጥ አስገቡት፤ ጥላ ከሌለ ፀሐዩን በጀርባው አድርጉና አንድ ሰው ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ ዘርግቶ ከፊት ለፊቱ እንዲቆም ለምኑ። ከጋቢው የሚነጥረው ብርሃን ፊቱን ያበራዋል። ለዚህ የሚሸጥ የፋብሪካ ዕቃ አለ፤ ጋቢ ግን በየቤቱ አለ።

በጧት የጣርማ በር ጉም ላይ፣ ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ላይ የወረደው ውርጭ ላይ ስታነሡም ያው የነጠላው ነገር ነው፤ ካሜራው ነጩን ጉም ያጨልመዋል፤ አንድ ደረጃ ጨምሩ። ብርዱ ባትሪንም ያደክማል። የተጠባባቂውን ባትሪ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ከኮታችሁ ሥር፣ ከሰውነታችሁ አጠገብ ያዙት፤ «አለቀ» ያላችሁትም ሲሞቅ ጥቂት ያስነሣል። ከብርዱ ወደ ምድጃ ቤት ስትገቡ ካሜራውን ከቦርሳው ወዲያው አታውጡት፤ ሌንሱም የውስጡ ብርጭቆም ላብ ያልበዋል። በቦርሳው ውስጥ እንዳለ አንድ ሰዓት ያህል ተዉት፤ እናንተ ቡናችሁን ጠጡ።

ለሠዓሊዎች የምለው ቃል አለ። እ.ኤ.አ. በ1841 የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጡ ዮሐን በርናትስ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሯቸው ነበር፤ አንኮበርን በእጁ ሥሎ ሄደ። ፎቶግራፍ በፓሪስ ይፋ የሆነው በ1839 ነው፤ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ዛሬ በአንኮበር በኩል የምታልፍ ሠዓሊ በኪሷ ስልክ አላት፤ ችግሩ ስልኩን እንደ ዓይኗ መቁጠሯ ነው። የስልክ ሌንስ ሰፊ ነውና ፊቱ ፍሬሙን እንዲሞላ በቅርብ ስትቆሙ አፍንጫውን ያተልቃል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ያሸሻል። ከግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሰው ምስል ሳይ፣ ሠዓሊው ከስልክ ፎቶግራፍ እንደሣለው ብዙ ጊዜ በአፍንጫው አውቃለሁ። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ሊታረም የሚችል ነገር ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሁለት ሜትር ያህል ርቃችሁ ብታነሡ ፊቱ እናንተ ተቀምጣችሁ እንደምታዩት ይሆናል። ጥላ ውስጥ ያለውንም ቀለም ከፎቶግራፉ አትቅዱ፤ ዓይን እዚያ ውስጥ ቡናማና ሰማያዊ የሚያይበት ቦታ ላይ ካሜራው ጥቁር ብቻ አይቷልና፤ ቦታው ላይ ሳላችሁ በእርሳስ ማስታወሻ ያዙ።

የራሳችሁን ሥዕል ለማስነሣት ደግሞ ለሰው ገንዘብ መክፈል የለባችሁም። ሥዕሉን ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት መስኮት አጠገብ በግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ካሜራውን በትራይፖድ ላይ አድርጋችሁ የሌንሱ መሐል ከሥዕሉ መሐል ጋር ትክክል እንዲሆን አድርጉ። ሌንሱን 18 ላይ አታድርጉት፤ ቀጥ ያለው የሸራ ጠርዝ እንደ በርሜል ሆድ ይነፋል። 50 ላይ፣ ቀዳዳው 8፣ አይ.ኤስ.ኦው 100 ይሁን። ፍላሹን አጥፉት፤ የዘይት ቀለሙ ያንጸባርቃል። በእጃችሁ ሳትነኩት በ2 ሰከንድ ቆጠራ ይነሣ። መጀመሪያ አንድ ነጭ ወረቀት በዚያው ብርሃን አንሡና ካሜራው ነጭ ማለት ይህ መሆኑን እንዲያውቅ አድርጉት። ካሜራው ራሱ አዘጋጅቶ ከሚያሳንሰው ጄፔግ ይልቅ ያልተነካውን ጥሬ ፋይል (RAW) አስቀምጡ፤ ካኖን 2000ዲ በጥሬው ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 ደረጃ ይይዛል፤ ጄፔግ 256 ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለማንሣት ለሚሄዱ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው የአባቶች ፈቃድ ነው፤ ፍላሽም እዚያ ፈጽሞ አይነሣም።

ከመለያየታችን በፊት አንዲት ሠዓሊ «በእኛ ቤት ያለው ካሜራ አሮጌ ስለሆነ መጀመሪያ አዲስ እስክገዛ ልቆይ?» ብላ ጠይቃኛለች። አትቆዪ። ነገ እሑድ ነው፤ በየደብሩ በር ላይ ነጠላ አይጠፋም፤ ጥምቀትም ሊደርስ ነው። አንድ ነጠላ የለበሰ ሰው ፈቃዱን ጠይቃችሁ ሦስት ጊዜ አንሡት፤ አንዱን ካሜራው እንደፈለገ፣ አንዱን አንድ ደረጃ ደምራችሁ፣ አንዱን ሁለት ደረጃ ደምራችሁ። ከዚያ ጥቁር በርኖስ ወይም ጥቁር ካፖርት የለበሰ ፈልጉና እንዲሁ ሦስት ጊዜ፣ ወደ መቀነስ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስድስቱንም አሳትማችሁ አምጡ፤ ከባለ ነጠላውና ከባለ በርኖሱ አንዳንዶቹን ይዛችሁ ብትመጡ ደግሞ የትኛው የእነርሱ ልብስ እንደሆነ እነርሱ ራሳቸው ይመርጡልናል።